የአሜሪካ መጤ ተምች፦ ስያሜው፣ ስርጭቱና የሚመገባቸው ዕፅዋት

በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በበቆሎ ማሳ ላይ የታየው ትል ለአካባቢው አርሶ አደሮችም ሆነ ለዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎች እንግዳ ነበር። በቆሎ አምራቹ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በቅርብ የሚያውቃቸው ትሎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ በዝናብ መግቢያ በመንጋ የሚታየው ተምች ሲሆን ሌላው የበቆሎንና የማሽላን አገዳ ሰርስሮ የሚገባው አገዳ ቆርቁር ነው። አዲሱ ትል በመልኩ የመጀመሪያውን፣ በመደበቅ ልማዱ ደግሞ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ትሉ በበቆሎ አብቃይ አካባቢዎች በሰፊው ታውቋል፤ ስሙ ግን አልረጋም። በአንዱ ስፍራ «ተምች» ብቻ ይባላል፤ በሌላው «የአሜሪካ ተምች» ወይም «መጤ ተምች» ይባላል፤ በባለሙያ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ፎል አርሚ ዎርም» ተብሎ ይጻፋል። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ አርሶ አደር ወደ ቀበሌው የልማት ጣቢያ ሄዶ «ማሳዬን ተምች ገብቶበታል» ብሎ ሲያመለክት የሚያገኘው ምክር፣ የሚሰጠው የቅኝት ድጋፍና የሚታዘዝለት መከላከያ የሚወሰኑት በዚህ ቃል ነው። ስሙ ከተሳሳተ መልሱም ይሳሳታል፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ የአንድ ወቅት ምርት ሊሆን ይችላል።

ነባሩ ተምች ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። በአንዳንድ ዓመታት ዝናቡ ሲጀምር በድንገት ይፈለፈላል፤ ሲበዛ መልኩ ይጠቁራል፤ በቀን ብርሃን በግልጽ እየበላ ከማሳ ማሳ በመሬት ላይ ይጓዛል። ምግቡ የሣር ዘመድ የሆኑ ዕፅዋት ናቸው፦ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎና የግጦሽ ሣር። ወረርሽኙ ሲያበቃ የእሳት እራቶቹ ነፋስ ተከትለው አካባቢውን ይለቃሉ። እንዲህ ያለውን ተባይ ለመከላከል የተለመደው ስልት ዘመቻ ነው፤ ሕዝብ ይጠራል፣ ርጭት ይካሄዳል፣ ከሳምንታት በኋላ ነገሩ ያበቃል። መጤው ግን እንዲህ አይደለም። በመንጋ ከመጓዝ ይልቅ በበቆሎው እምብርት፣ ለጋ ቅጠሎቹ በተጠቀለሉበት ስፍራ፣ ተሸሽጎ ይበላል። ከአንድ ወቅት ዘመቻ በኋላም አይሄድም። ቅጠል ላይ ብቻ የሚያርፍ ርጭት ነባሩን ተምች ሊገድል ይችላል፤ በእምብርቱ ውስጥ በራሱ ኩስ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ትልቅ ትል ግን እምብዛም አያገኘውም።

ስሙ ከየት መጣ

የሳይንስ ስሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጆን አቦት የተባለ በለንደን የተወለደ ሠዓሊና ነፍሳት ሰብሳቢ በአሜሪካ ጆርጂያ ተቀምጦ የአካባቢውን ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ከሚመገቡት ዕፅ ጋር እየሣለ ወደ እንግሊዝ ይልክ ነበር። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ እነዚህን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1797 በለንደን በመጽሐፍ ሲያሳትም ለዚህ ነፍሳት «ፋሌና ፍሩጂፐርዳ» የሚል ስም ሰጠው። «ፋሌና» በዚያ ዘመን የእሳት እራት ለሚባሉት ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚሰጥ ሰፊ መጠሪያ ነበር። «ፍሩጂፐርዳ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ሰብል አጥፊ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፊተኛው ነው። ለረጅም ጊዜ «ላፊግማ ፍሩጂፐርዳ» ሲባል ቆይቶ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ «ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ» በሚለው ስም ጸንቷል። «ስፖዶፕቴራ» በግሪክ ቋንቋ አመድማ ክንፍ እንደ ማለት ነው። የቆዩ የምርምር ጽሑፎችን የሚያገላብጥ ተማሪ ወይም ባለሙያ «ላፊግማ» የሚለውን ሲያገኝ ሌላ ተባይ እንዳይመስለው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ነባሩ ተምችም «ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ» ስለሚባል ሁለቱ በዘር ሐረግ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ በዓይን መመሳሰላቸውም ከዚህ የመጣ ነው።

«ፎል አርሚ ዎርም» የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። «ፎል» በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ በእኛ አቆጣጠር መፀው የምንለው፣ ማለት ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ይህ ነፍሳት ክረምቱን አልፎ መኖር ስለማይችል በየዓመቱ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ብዙዎቹ እርሻዎች ዘንድ የሚደርሰው በበጋቸው ማብቂያና በመፀው ነው። ስሙ የተሰጠው ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። በኢትዮጵያ ይህ የወቅት ስም ትርጉም የለውም፤ ትሉ መፀውን ጠብቆ አይመጣም። ቃሉ በእንግሊዝኛ መውደቅ ማለትም ስለሆነ ከላይ የሚወድቅ ትል አድርጎ መረዳትም ስህተት ነው። (እርግጥ ነው፣ ገና የተፈለፈሉት ጥቃቅን ትሎች በሐር ክር ተንጠልጥለው በነፋስ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራሉ፤ የስሙ ምክንያት ግን ይህ አይደለም።)

ከበቆሎ ጋር ለረጅም ዘመን የኖሩት የላቲን አሜሪካ ገበሬዎች የሰጡት ስም ይልቅ ሥራ ላይ የሚውል ነው። በስፓኒሽ «ኮጎዬሮ» ይሉታል፤ የተክልን እምብርት የሚበላ ማለት ነው። በብራዚል ፖርቱጋልኛም መጠሪያው የተጠቀለለውን የበቆሎ ቅጠል የሚያመለክት ነው። እነዚህ ስሞች ተባዩ የት እንደሚፈለግ ይናገራሉ። «የአሜሪካ ተምች» የሚለው የእኛ ስም ከየት እንደመጣ ብቻ ይነግረናል። ስሙን መለወጥ አያስፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን በቅኝት ሥልጠናና በመረጃ ልውውጥ ጊዜ «ተምች» ብቻ ብሎ መተው እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ቢያንስ «መጤ» የሚለው ቃል አብሮ መነገርና መጻፍ ይኖርበታል።

የስርጭቱ ክልል

የዚህ ነፍሳት የትውልድ ስፍራ ሞቃታማና ከፊል ሞቃታማ የአሜሪካ አህጉር ክፍሎች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ ነው። ብዙ የቀዝቃዛ አገር ነፍሳት ክረምትን በእንቅልፍ መሰል ዕረፍት ያሳልፋሉ፤ ይህኛው ያን አያውቅም፤ ውርጭ ካገኘው ይሞታል። ስለዚህ የሰሜኑን ምድር በየዓመቱ እንደ አዲስ ይይዛል፤ እስከ ካናዳ ደቡባዊ አውራጃዎች ይደርሳል፤ ብርዱ ሲመጣ እዚያ የደረሰው ያልቃል። የእሳት እራቷ ምቹ ነፋስ ካገኘች በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትጓዝ ትችላለች። በደቡብ በኩል እስከ አርጀንቲና ይገኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለውን አብዛኛውን አገር ያዳረሰ ወረርሽኝ ተመዝግቧል፤ በ2021ም በኦሃዮና በአጎራባች ግዛቶች የአልፋልፋ ማሳዎችንና የቤት ደጅ ሣርን ሳይቀር ያወደመ ብርቱ ወረርሽኝ ታይቷል።

ከአሜሪካ ውጭ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በናይጄሪያ፣ በቤኒን፣ በቶጎ እንዲሁም በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ነው። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አዳረሰ። በ2018 በሕንድ ካርናታካ ግዛት ታየ፤ በ2019 መጀመሪያ የቻይናን ዩናን ግዛት፣ በ2020 አውስትራሊያን ያዘ። በአፍሪካ የተገኙት ናሙናዎች ዘረመል ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን አካባቢ ካለው ጋር ቅርበት እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል። «የአሜሪካ» የሚለው ቅጽል እንግዲህ በከንቱ የተሰጠ አይደለም።

ለኢትዮጵያ ቁልፉ ነጥብ ከዚህ ስርጭት የሚገኘው ትምህርት ነው። አሜሪካን በየዓመቱ ከዚህ ተባይ የሚገላግላት ውርጭ በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ አካባቢዎች የለም። ሙቀቱ ከተመቸው ከእንቁላል እስከ ሙሉ የእሳት እራት ያለውን ዕድገት በ30 ቀን ገደማ ይጨርሳል፤ በቀዝቃዛ ወቅት ይህ እስከ 80 እና 90 ቀን ሊረዝም ይችላል። አንዲት እንስት በሕይወት ዘመኗ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሎቹን መቶና ሁለት መቶ እያደረገች በክምችት ትጥላለች። በልግ ዘሪ፣ መኸር ዘሪና የመስኖ በቆሎ አምራች በአንድ ወረዳ ውስጥ ሲገኙ ተባዩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እያለ ዓመቱን ሙሉ ምግብ አያጣም። በመሆኑም በ2009 ዓ.ም. በድንገተኛ አደጋ ስሜት የተጀመረው ዘመቻ ተገቢ ቢሆንም፣ ተባዩ አሁን ነዋሪ ሆኗል። ነዋሪ ተባይ የሚጠይቀው በየወቅቱ የሚደረግ መደበኛ ቅኝትና መደበኛ የምክር አገልግሎት ነው። ደጋው ላይ ግን ቅዝቃዜው ዕድገቱን ስለሚያዘገየው ጭንቀቱም በዚያው ልክ ሊቀንስ ይገባል።

የሚመገባቸው ዕፅዋት

ስለዚህ ተባይ ከሚነገሩት ቁጥሮች ሁሉ ሰውን የሚያስደነግጠው የዕፅዋቱ ዝርዝር ነው። በሰፊው ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር «ከ80 በላይ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የደቡብ አሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በአሜሪካ አህጉራት የተጻፉትን መዝገቦች ሰብስቦ ቁጥሩን ወደ 353 የዕፅ ዓይነቶችና 76 የዕፅ ቤተሰቦች ከፍ አደረገው። ከእነዚህ 106ቱ የሣር ቤተሰብ ናቸው፤ የሱፍ አበባ የሚመደብበት ቤተሰብና የጥራጥሬ ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 31 ይዘው ይከተላሉ።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ዝርዝሩ ትሉ እየተመገበ የተገኘበትን ዕፅ ሁሉ ይቆጥራል፤ ትሉ በብዛት የሚራባበትንና አልፎ አልፎ የተገኘበትን አይለይም። በአሜሪካ ሁለት የተለያዩ ዘሮች እንዳሉትም ታውቋል። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አንደኛው ግን ይበልጥ በቆሎን፣ ማሽላንና ጥጥን ሲያዘወትር ሁለተኛው ሩዝንና የግጦሽ ሣርን ያዘወትራል። በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ሰብል በቆሎ ሲሆን ማሽላ ይከተለዋል። ስለዚህ የጎመን ወይም የቲማቲም አምራች በማሳው ትል ባየ ቁጥር መጤው ተምች ነው ብሎ መደምደም የለበትም፤ እነዚህ ሰብሎች የየራሳቸው ትሎች አሏቸው። ለምሳሌ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ ውስጥ የሚገባው ቱታ አብሶሉታም ከአሜሪካ፣ ከደቡቡ ክፍል፣ የመጣ መጤ ነው፤ መከላከያው ግን ሌላ ነው። በተቃራኒው በቆሎን ከጥራጥሬ ጋር አሰባጥሮ የሚዘራ አርሶ አደር ጥራጥሬው በዝርዝሩ ላይ ስላለ ብቻ ይህን ልማዱን ሊተው አይገባም። በምሥራቅ አፍሪካ በቆሎን ዴስሞዲየም ከተባለ የመኖ ጥራጥሬ ጋር አሰባጥሮ ዙሪያውን በብራኪያሪያ ሣር የሚከበው የአዘራር ዘዴ የትሉን ቁጥርና ጉዳት በእጅጉ እንደሚቀንስ በማሳ ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል።

የጉዳቱ መጠንም እንዲሁ መመዘን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የግብርና መረጃ ተቋም ካቢ ምንም መከላከል ካልተደረገ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ሊጠፋ እንደሚችል ገመተ። በኢትዮጵያና በኬንያ አርሶ አደሮችን በመጠየቅ የተሠራ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ የደረሰውን ጉዳት 32 በመቶ አድርጎ አስቀመጠ። በዚምባብዌ ተመራማሪዎች በማሳው ውስጥ ቆጥረውና ምርቱን ለክተው ያገኙት ኪሳራ ግን 12 በመቶ አይሞላም። አገሮቹና ዓመታቱ ስለሚለያዩ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማጋጨት አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያሉ፤ የተቀዳደደ ቅጠል ዓይንን ከሚያስደነግጠው ያነሰ ምርት ያሳጣል። ወጣት በቆሎ ቅጠሉ ቢበላበትም ውሃና ማዳበሪያ ካገኘ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ትሉ የሚያድገውን እምብርት ሲቆርጥ ወይም ወደ እሸቱ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ ለአርሶ አደሩ ኪስም ለጤናውም የሚመለከት ጉዳይ ነው። ባልተፈለገበት ጊዜ የተረጨ ኬሚካል ገንዘብ ያባክናል፤ የረጪውን ጤና ይጎዳል፤ ተባዩን የሚያጠቁ ጠቃሚ ነፍሳትንም ይገድላል። ከእነዚህ መካከል ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ጥቃቅን ተርብ መሰል ነፍሳት በኢትዮጵያ ማሳዎች ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ በመጤው ትል ላይ እንቁላሏን እየጣለች ስትገድለው ተገኝታለች፤ በአንዳንድ ናሙናዎች ከተሰበሰቡት ትሎች ከሦስቱ አንዱን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ ገድላለች። ከዚህ በተጨማሪ መጤው ተምች አንድን ኬሚካል ደጋግሞ ሲቀምስ ይላመደዋል፤ በአሜሪካ አህጉር በተለያዩ ፀረ ተባዮች ላይ ይህ ተመዝግቧል።

በቅኝት ጊዜ ትሉን ለመለየት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ። በጭንቅላቱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለ፤ በጅራቱ በኩል፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው የአካሉ ክፍል ላይ፣ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ትሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። በእምብርቱ ውስጥ ሰጋቱራ የሚመስል እርጥብ ኩስ መገኘቱም ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ቅኝቱ ራሱ ከባድ አይደለም። በማሳው ውስጥ በዚግዛግ እየተጓዙ በአምስት ቦታ መቆምና በእያንዳንዱ ቦታ አሥር ተክል መመልከት በቂ ነው። ዓለም አቀፍ የበቆሎ ምርምር ባለሙያዎች ለአነስተኛ አምራቾች ያወጡት መመሪያ በቆሎው ገና ወጣት ሳለ ከመቶ 20 ያህሉ ተክል ትኩስ ጉዳት ካሳየ፣ ከጉልበት በላይ ካደገ በኋላ ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉ ካሳየ እርምጃ እንዲወሰድ ይመክራል። ከተመለከቷቸው 50 ተክሎች ይህ 10 እና 20 ተክል ማለት ነው። አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት ለአነስተኛ አምራች አይመከርም። ከዚህ መጠን በታች ከሆነ የእንቁላል ክምችቶችንና ትሎችን በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ለአነስተኛ ማሳ ይበቃል፤ ብዙ የኢትዮጵያ አርሶ አደሮች ይህንኑ ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ በእምብርቱ ውስጥ አፈር ወይም አመድ የሚጨምሩም አሉ።

ኬሚካል የሚያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ ምርት ብቻ መጠቀም ይገባል። በገበያ ላይ ያለ መለያ ጽሑፍ በላስቲክ ተቋጥሮ ወይም በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ፈሳሽ ምንነቱ ስለማይታወቅ ርካሽነቱ ሊያታልል አይገባም። ከምዝገባ ጋር በተያያዘ ጥርጣሬ ያለው ሰው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ የምርቱን መለያ ማሳየት ይችላል።

አገልግሎት ፈልጎ ወደ ቀበሌ የልማት ጣቢያ የሚሄድ ወይም በ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ምክር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚይዛቸው ነገሮች አሉ፦ የሰብሉ ዓይነትና የተዘራበት ቀን፣ ስንት ተክል ተመልክቶ ስንቱ ተጎድቶ እንዳገኘ፣ ቀደም ሲል ረጭቶ ከሆነ በምንና መቼ፣ እንዲሁም ትሉ በመንጋ መሬት ለመሬት ይሄድ እንደሆነ ወይም በእምብርት ውስጥ ተደብቆ እንደተገኘ። የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ነባሩን ከመጤው ለመለየት ብዙ ይረዳል። የትሉን ጭንቅላትና ጅራት በቅርብ የሚያሳይ የስልክ ፎቶ ካለም ሥራውን ያቀልላል። ትሉን ራሱን ይዞ መሄድ የሚፈልግ እያንዳንዱን በተለያየ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጥ፤ መጤው ተምች እርስ በርሱ ስለሚበላላ በአንድ ዕቃ የተጨመሩት ባለሙያው ዘንድ ሳይደርሱ ቁጥራቸው ይጎድላል።